ከሚኒሶታ የመጣው ኪኒን

ባለፈው ወር ለለቅሶ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን አክስቴ ቤት አደርኩ። ሁላችንም "አዳዳ" ነው የምንላቸው፤ በእኛ አገር የአባት እህት ማለት ነው። 67 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር ከተገኘባቸው 12 ዓመት አልፏል። ጠዋት ቡናው እየተፈላ፣ የተቀቀለው አንጮቴ ቀርቦ ሳለ፣ ከራስጌያቸው በፌስታል የተቋጠረ ነገር አምጥተው ረከቦቱ አጠገብ ዘረገፉት። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ነው። አንዱ ሜትፎርሚን፣ ሁለተኛው ዳኦኒል። ሦስተኛው ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፤ ጃርዲያንስ 10 ሚሊ ግራም፣ 90 ፍሬ ይላል።

"ልጄ ከሚኒሶታ በሰው ላከችልኝ። የአሜሪካ ሐኪሞች አሁን የሚሰጡት ይህን ነው አለች። ኢንታላ ኮ፣ እንግዲህ ፋርማሲስቷ አንቺ ነሽ። የድሮዎቹን ልጣላቸው?"

ብልቃጡን አነሳሁት። ማኅተሙ ተከፍቷል። ጀምረውት እንደሆነ ብጠይቃቸው "አንቺ ሳታዪው? አልነካሁትም" አሉኝ። የሙያ ነገር ሆኖብኝ የመድኃኒት ብልቃጥ ከያዝኩ ሳልቆጥር አላስቀምጥም። ንጹሕ ሳህን አስመጥቼ ቆጠርኩ። ሰማንያ። አሥሩስ?

"ለመምህሩ ሰጠሁት" አሉ፤ ለጎረቤት አንድ ጭልፋ በርበሬ ያበደሩ ያህል፣ በንጹሕ ፊት። ወደ መምህሩ እመለሳለሁ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ የአዳዳ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ኪኒን እየበዛ ነው። ሕንድ ሠራሹም በግል ፋርማሲዎች መደርደሪያ ላይ መታየት ጀምሯል። ጠያቂዎቼ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው፤ "ጥሩ ነው" ወይም "አይረባም"። እኔ ደግሞ መልሴን የምጀምረው "ለማን?" ብዬ ነው። ይህ ሰውን እንደሚያናድድ አውቃለሁ።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ኩላሊታችን በየቀኑ 180 ግራም ያህል ስኳር ከደም ያጣራል። የጤነኛ ሰው ኩላሊት ይህን ስኳር አያባክነውም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም ይመልሰዋል። ከዚህ ውስጥ 90 በመቶ ገደማ የሚመለሰው በአንድ በር በኩል ነው፤ ኤስጂኤልቲ ቱ ይባላል። ኢምፓግሊፍሎዚን፣ ማለትም ጃርዲያንስ የሚባለው፣ እንዲሁም ዳፓግሊፍሎዚንና ካናግሊፍሎዚን ይህን በር የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው። በሩ ሲዘጋ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ስኳር በሽንት ይወጣል። 60 ግራም ማለት 15 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። የድሮ ሰዎች ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰፍር አይተው በሽታውን ይለዩ ነበር፤ ዛሬ ያው ስኳርን በሽንት ማስወጣት ሕክምና ሆነ።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1835 ኬሚስቶች ከፖም ዛፍ ሥር ቅርፊት ፍሎሪዚን የተባለ ንጥረ ነገር አወጡ። በ1886 ደግሞ ፎን ሜሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ነገር የወሰዱ ውሾች ስኳር እንደሚሸኑ አሳየ። ከዚያ ቅርፊት ተነስቶ ለሰው የሚሆን ኪኒን እስኪሠራ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ አሜሪካኖች የመጀመሪያውን የፈቀዱት በ2013 ነው።

ስኳር በማውረድ ብቻ ከተመዘነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ የምንለውን፣ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ቢቀንስ ነው። ርካሹ ሜትፎርሚን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ይቀንሳል። ታዲያ ዓለም ሁሉ ስለዚህ ኪኒን የሚያወራው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ስቶክሆልም ላይ በተካሄደ የሐኪሞች ጉባኤ የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት ተነበበ። ጥናቱ የተካሄደው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በያዛቸው 7,020 ሰዎች ላይ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ እጅ ያህሉ ሕክምናቸው ላይ ኢምፓግሊፍሎዚን ተጨመረላቸው፤ ሌሎቹ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ኪኒን ዋጡ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲያልፍ ማስመሰያውን ከዋጡት ከመቶው ስምንት ያህል ሞተው ነበር፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት የሞቱት ግን ስድስት አይሞሉም። በልብ ድካም ሆስፒታል የመተኛቱ ነገር ደግሞ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። የስኳር መድኃኒት ልብን ይጎዳ ይሆን ተብሎ በሚፈራበት ዘመን ልብን የሚያድን ሆኖ መገኘቱ ሁሉንም አስገረመ። በ2019 ካናግሊፍሎዚን የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ ታየ። በዚያው ዓመት ዳፓግሊፍሎዚን ስኳር የሌለባቸውን የልብ ድካም ታማሚዎች ሳይቀር እንደሚጠቅም ተረጋገጠ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህን መድኃኒቶች በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚዘነጋት አንዲት ነገር አለች። በ2015ቱ ጥናት የገቡት ሁሉ አስቀድሞ የልብ ወይም የደም ሥር በሽታ የነበረባቸው ናቸው። ትልቁ ጥቅም የታየው እነሱ ላይ ነው።

አዳዳን አየኋቸው። ማታ ማታ እግራቸው ያብጣል። ከገበያ ሲመለሱ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ አይጨርሱትም። የሆስፒታል ካርዳቸው ላይ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን መታየቱ ተጽፏል። እንዲህ ላለ ሰው ይህ ኪኒን ቅንጦት አይደለም። ለልጃቸው በሆዴ ምስጋና አቀረብኩ።

የድሮዎቹን ይጣሉ ወይ ለሚለው ግን መልሱ ሌላ ነው። ሜትፎርሚንን ማንም አያስጥላቸው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ የጥናቱ ተሳታፊዎችም አብዛኞቹ ሜትፎርሚን ላይ ነበሩ። እኔን ያስደነገጠኝ መካከለኛው ነው፤ ዳኦኒል። የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስም ግሊቤንክላማይድ ነው። ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ ሰውዬው ይብላ አይብላ ግድ የለውም። ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ራሱ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይሆንም ይላል።

"አዳዳ፣ ሌሊት ያልብዎታል?"

"በምን አወቅሽ? አንሶላው እስኪርስ። ቅዠቱማ አይነሳ! እርጅና ነው ብዬ ነው እንጂ።"

እርጅና አልነበረም። ሌሊት ስኳራቸው እየወረደ ነው። አዲሱ ኪኒን በዚህ ላይ ሲጨመር መውረዱ ይብሳል። ስለዚህ የሚጣል ካለ፣ ሐኪማቸው አይቶት፣ መጀመሪያ የሚጣለው ዳኦኒል ነው። ወረቀት አውጥቼ ለሐኪማቸው ሦስት መስመር ጻፍኩ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፤ የሰው መድኃኒት በራሴ ሥልጣን አልቀይርም፤ የሥጋ ዘመዴም ቢሆን።

አሁን ወደ መምህሩ። "አሥሩን ለምን ሰጡት?" ብዬ ስጠይቅ አዳዳ የነገሩኝ ይህን ነው። መምህሩ 31 ዓመቱ ነው፤ ሸንበቆ የመሰለ ቀጭን ልጅ። ሌንቴ ይወጋል። ኢንሱሊኑ ፋርማሲ ውስጥ አንዳንድ ወር ይጠፋል። "እኔ 90 ፍሬ ይዤ እሱ መርፌ ሲለምን እንዴት ዝም ልበል? እንዲያውም ከዚያ በኋላ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ ጨጓራ ነው አሉኝ።"

ቡናዬን አስቀምጬ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙ ይቅር። አሥሩን ፍሬ ሲያገኝ ሌንቴው ቶሎ እንዳያልቅበት መጠኑን በግማሽ ቀነሰ። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናቸው የሦስት ቀን ጾምና ጸሎት ይዛ ነበር፤ ጾመ። በአራተኛው ቀን ሆዱን ቆረጠው፤ ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የስኳር መለኪያ ስላለው ለካ። 187። "ስኳሬማ ደህና ነው" አለ። አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ እነሱም 187ን አይተው የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙት። በማግስቱ ሲደክም ወንድሙ ተሸክሞ ሆስፒታል ወሰደው። እዚያ ያገኘችው ወጣት ሐኪም የጠየቀችው ጥያቄ ሕይወቱን አተረፈው፤ "ከመርፌው ሌላ ምን ወሰድክ?" ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን አወጣ። ወዲያው ሽንቱ ላይ ኬቶን ታየ። ግሉኮስና ኢንሱሊን ሰጥተው ሁለት ቀን ካስተኙት በኋላ ወጣ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳርን መጠቀም አይችልም፤ ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያ ኬቶን የተባለ አሲድ ይጠራቀማል። ድሮ ይህ ሲመጣ ስኳር 400 እና 500 ስለሚገባ ታማሚውም ሐኪሙም ይደነግጣል። አዲሱ ኪኒን ግን ትርፉን ስኳር በሽንት ስለሚያስወጣው ቁጥሩ ያምራል፤ ደሙ ግን አሲድ እየሆነ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነው። ኢንሱሊን የሚያስፈልገውን ሰው ኢንሱሊን ቀንሶ፣ አስርቦ፣ ይህን ኪኒን መስጠት ማለት እሳቱን ሳያጠፉ ጭሱን መሸፈን ነው።

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው በምክንያት ነው። በእኛ አገር ገጠር ውስጥ ስኳር የሚይዘው ወፍራሙን ባለ ሀብት ብቻ አይደለም። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ጎንደር አካባቢ ገጠር ታማሚዎች ጽፈው ነበር፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ቀጫጭን፣ ድሃ ገበሬዎች። በምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር የሚባለው ነገር ተረስቶ መቅረት የለበትም ብለው ተከራከሩ። በ2025 የዓለም አቀፉ የስኳር ሕሙማን ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን "አምስተኛው ዓይነት" ብሎ ተቀበለው። ሚኒያፖሊስ ያለ ሐኪም የሚያየው ታማሚና ደምቢ ዶሎ ጤና ጣቢያ ወረፋ የያዘው ታማሚ አንድ ስም ያለው በሽታ ይዟቸው፣ አካላቸው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ስለሚሰጥ ብቻ ለሁሉም ይሆናል ማለት የማልወደው ለዚህ ነው።

ስለ ሌሎቹ አዳዲስ ኪኒኖች የሚጠይቁኝም አሉ። ሲታግሊፕቲንና ቪልዳግሊፕቲን የዋህ ናቸው፤ ስኳርን ብቻቸውን ብዙ አያወርዱም፤ ሲታግሊፕቲን በ2015 በ14 ሺህ ከሚበልጡ ሰዎች ላይ ሲፈተሽ ልብን አልጎዳም፣ አልጠቀመምም። ለተጨማሪ ገንዘብ የማወጣ ብሆን እነሱን አላስቀድምም።

ወለጋ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ "ይቀጥላል ወይ?" ነው። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነቀምቴ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ ሜትፎርሚኑም ኢንሱሊኑም ከዚያ ነው ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ፣ ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄደው። ባለፉት ዓመታት መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የወለጋ ሰው ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ሳለ አዳዳ መድኃኒታቸው ማለቁን ለልጃቸው እንኳ መናገር አልቻሉም ነበር። ከሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት በሻንጣው ልክ ነው፤ 90 ፍሬ 90 ቀን ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ሜትፎርሚኑን በመድኑ ያገኛል፤ አዲሱን ግን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው የሚገዛው። ሕንድ ውስጥ የዳፓግሊፍሎዚን የባለቤትነት መብት በ2020፣ የኢምፓግሊፍሎዚን በ2025 ስላበቃ ዋጋው እዚያ በጣም ወርዷል። ነቀምቴ ዞር ዞር ብዬ ጠይቄ ነበር፤ በአንድ ፋርማሲ ሕንድ ሠራሹን ዳፓግሊፍሎዚን አገኘሁ። የወሩ ዋጋ የአዳዳን ጡረታ ሩቡን ይወስዳል። ከባድ ነው፤ ግን የማይታሰብ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከሞላ ጎደል አንድ ሥራ ስለሚሠሩ፣ የሚኒሶታው ሲያልቅ በሐኪም ትእዛዝ ወደዚህ መዛወር ይቻላል። እንዲህ ዓይነት ዕቅድ የሌለው ሰው ግን ሜትፎርሚኑን ጥሎ ወደ አዲሱ እንዳይዘል እለምናለሁ።

ለአዳዳ ከመሄዴ በፊት ያስጠናኋቸውን ለእናንተም ልድገመው። ወባ የያዘው፣ የሚያስመልሰው፣ ተቅማጥ የያዘው፣ ወይም ምግብ መብላት ያቃተው ሰው ይህን ኪኒን እስኪሻለው ያቁም። ኢንሱሊን ግን በራስ ውሳኔ አይቆምም። ወባ ያልኩት ለአፍ ማሟያ አይደለም፤ በ2024 በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ ወለጋም ክፉኛ ከተመቱት ውስጥ ናት። ቀዶ ሕክምና ካለም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም ነው። መጾም የፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ይንገር። ውኃ መጠጣት ደግሞ ግዴታ ነው። ከደምቢ ዶሎ አውቶቡስ የሚሳፈሩ እናቶች መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ጠዋት ውኃ አይጠጡም፤ በዚህ ኪኒን ላይ ይህ ልማድ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ሰውን ያዞራል።

የማይነገረውን ነገር ደግሞ ልናገር። ሽንት ስኳር ሲሆን በብልት አካባቢ ፋንጋስ ይበዛል፤ ያሳክካል። ሴቶችን ይበልጥ ያስቸግራል፤ ወንዶችንም አይምርም። በቀላል መድኃኒት ይድናል። ችግሩ ሰው አፍሮ ዝም ማለቱ፣ ወይም ትዳሩን መጠርጠሩ ነው። አዳዳ ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ፤ ግን ሰሙኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች። ይህን ኪኒን በሚወስድ ሰው ሽንት ላይ ስኳር ሁልጊዜ ሦስት መደመር ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ያን አይታችሁ "ስኳርህ አልተቆጣጠረም" ብላችሁ ሌላ ኪኒን አትጨምሩበት፤ ደሙን ለኩ።

ከትናንት በስቲያ አዳዳ ደወሉ። ቀጠሯቸው ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቴን አንብቦ የኩላሊት ምርመራ አዘዘ፤ ለአዲሱ ኪኒን የሚበቃ ሆኖ ተገኘ። ዳኦኒሉን አስቆማቸው፤ ሜትፎርሚኑ ቀጠለ፤ ጃርዲያንሱን ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። ሌሊት ላቡ ቀርቷል አሉኝ። ስለ መምህሩም ጠየቅኳቸው። ሌንቴውን ሙሉውን መጠን እየወጋ ነው፤ የተረፉትን ስድስት ፍሬዎች ከነወረቀቱ አምጥቶ መልሶላቸዋል።

"ብልቃጡ ውስጥ ልመልሳቸው?" አሉኝ።

አይሆንም፤ አንድ ወር በኪስ ውስጥ የዞረ ኪኒን ነው፤ ቀጠሮ ሲሄዱ ለሆስፒታሉ ፋርማሲ ይስጡት፣ እነሱ ያስወግዱታል አልኳቸው። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አሉ።

"ስድስት ቀን ማለት ነው እኮ" አሉ።